የቀደማት መንገደኛ

የበልጉ ዝናብ መንገዱን ሁሉ ጭቃ ባደረገበት ሰሞን ነው። ጣቢታ የሰባት ወር ልጇን አዝላ፣ የሕፃን ጨርቅና አጥሚት የያዘ ፔርሙዝ በዘንቢል አንጠልጥላ ማለዳ ከሆሳዕና መኪና ማቆሚያ ደረሰች። ጭጋጉ ከመወፈሩ የተነሳ ላንድሮቨሩን ያገኘችው የሞተሩን ድምፅ ተከትላ ነበር።

«ወዴት ነሽ እህቴ?» አለ ሹፌሩ ዳኘ ቀና ሳይል።

«ሾኔ።»

ድምጿን ሲሰማ ቀና አለ። «ጣቢታ! በዚህ ዝናብ፣ በዚህ መንገድ፣ ልጅ ይዘሽ?»

«አያቷ ጋ ልወስዳት ነው ጋሽ ዳኘ።»

ዳኘ ዘንቢሏን ተቀብሎ ጋቢና አስገባት። ያን ጋቢና ጣቢታ ታውቀዋለች። ዱሮ በዚያ መሪ ላይ የሚቀመጠው ባሏ ዑመር ነበር።

ዑመር የሾኔ ልጅ ነው። የእናቱን የወይዘሮ ዘይነባን ሱቅ ትቶ ገና በልጅነቱ መሪ ጨበጠ። ጣቢታ ደግሞ የወንጌላዊ ጴጥሮስ የመጨረሻ ልጅ፣ አንጋጫ የምታስተምር መምህርት ነበረች። ሰኞ ማለዳ ወደ አንጋጫ፣ ቅዳሜ ወደ ሆሳዕና ትመላለሳለች። ዑመር ጋቢናውን ባዶ አድርጎ ይጠብቃታል፤ እሷ ሰው እንዳያማት ከኋላ ትቀመጣለች። እሱም መንገዱን ትቶ በመስታወቱ እሷን ያያል። አንድ ቀን መኪናውን ከጉድጓድ ጣለውና ተሳፋሪው ሁሉ ሲጮህበት፣ «የማን ጥፋት እንደሆነ ከመካከላችሁ አንዲት ሰው ታውቃለች» አለ። ጣቢታ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ሳቀች። በዚያ ሳቅ ተያዙ።

ወላጆች ግን አልሳቁም። ወንጌላዊ ጴጥሮስ ጸሎት ቤታቸው ታሽጎ በየሰዉ ጓዳ በሹክሹክታ የሚሰብኩ ሰው ነበሩ። «እኔ ስለ እምነቴ ስታሰር ልጄ በገዛ እጇ ትተወው?» ብለው በራቸውን ዘጉባት። ወይዘሮ ዘይነባም «በደጄ እንዳታልፍ» ብለው ላኩ። ሁለቱ ፍቅረኞች ማዘጋጃ ቤት ሄደው ፈረሙ፤ አበራሽ ከምትባል ሴት ግቢ አንዲት ክፍል ተከራዩ። ኑሯቸውን ገና አጣጥመው ሳይጨርሱ ዑመር በአፈሳ ተይዞ ወደ ሰሜን ዘመተ። ጣቢታ ማርገዟን ያወቀችው እሱ ከሄደ በኋላ ነው። የላከችውን ደብዳቤ የሚቀበል ክፍለ ጦር አላገኘችም፤ እሱ ልጅ ይኑረው አይኑረው ሳያውቅ ቀረ።

ከዚያ መርዶው መጣ። አብሮት የዘመተ የሾኔ ልጅ ቆስሎ ተመልሶ፣ «አጠገቤ ሲወድቅ አይቻለሁ» አለ። ሾኔ ላይ ድንኳን ተተከለ፤ ሰደቃ ወጣ። ለጣቢታ የነገራት ሰው አልነበረም። ለቅሶው ካለፈ በኋላ ከገበያተኛ ሰማች። ልጅ እንዳለች ሽማግሌ ብትልክባቸው ወይዘሮ ዘይነባ የመለሱት አንድ ቃል ነው፤ «ልጄ ልጅ አልወለደም።»

ይህ ቃል ነው ጣቢታን ከቤቷ ያስወጣት። ለራሷ የምትፈልገው ነገር አልነበራትም። ልጅቷ ግን የአባቷን ግጥም ያለ ቅንድብ ይዛ ተወልዳለች፤ ይህን ቅንድብ አያቷ በዓይናቸው ይዩት አለች። ትርፊት ያለቻትም ከዑመር የተረፈላት እሷ ብቻ ስለሆነች ነው።

ላንድሮቨሩ እያቃሰተ ተነሳ። ጋቢናው ውስጥ አጠገቧ ዱራሜ የሚወርዱ እማማ ወርቅዬ የሚባሉ አሮጊት ተቀምጠዋል። ትርፊት መሪውን ልትይዝ ትንጠራራለች፤ የዳኘን ጆሮ ትጎትታለች፤ የራሰ ጨርቋን ዳኘ ከመስታወቱ ሥር አንጥፎ በሞተሩ ሙቀት ያደርቅላታል። ሰው ሁሉ ተላምዷት እየሳቀ ሳለ የኋላ ጎማው ተንሸራቶ ከቦይ ገባ።

ወዲያው በረዶ ወረደ። ወንዶቹ ሊገፉ ቀሩ፤ ሴቶቹ ከመንገዱ ፈቀቅ ካለ አንድ የገበሬ ቤት ተጠለሉ። ትርፊት አምርራ ታለቅስ ጀመር። ጡት ብትሰጣት፣ ብታዝላት፣ ብታወርዳት እምቢ አለች። በዚያ መካከል ከታች በመንገዱ ላይ አንድ በሸራ የተሸፈነ የጭነት መኪና ሲያልፍ ተሰማ። ልጅቷ ልቅሶዋን ቀጥ አደረገች። አንገቷን አዙራ፣ የመኪናው ድምፅ እስኪጠፋ ድረስ፣ በረዶ ከሚወርድበት ደጅ ላይ ዓይኗን ተክላ ቆየች። ከዚያ ሳቀች።

«ለማን ነው የምትስቂው አንቺ?» አሉ እማማ ወርቅዬ። ደጁን አዩ፤ ማንም የለም። ጣቢታ ልጇን ወደ ደረቷ አስጠጋች።

አንጋጫ ሲደርሱ ቀኑ ተጋምሶ ነበር፤ ፀሐይ ግን አልወጣችም፤ አምባሪቾ ተራራም በጉም ተውጦ የለም። መኪናው ሁልጊዜ የሚቆመው ከእትዬ ሙሉመቤት ሻይ ቤት ፊት ነው። እትዬ ሙሉመቤት ጣቢታን ከመምህርነቷ ጊዜ ጀምሮ ታውቃታለች፤ ስታያት ሮጣ ትስማት ነበር። ዛሬ ከባንኮኒው ኋላ አልተነቃነቀችም።

«ጣቢታ፣ እስቲ ልጅቷን ግለጫት።»

ጣቢታ ነጠላውን ገለጠች። እትዬ ሙሉመቤት ቅንድቡን አየች፤ ሁለት እጆቿን በራሷ ላይ ጫነች።

«ምን ሆነሽ ነው እትዬ?»

«ዑመር እዚህ ነበር።»

ሻይ ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወደ በሩ ዞረ።

«ዛሬ፣ ቅድም፣ እዚሁ በር ላይ ቆሞ ነበር» አለች እትዬ ሙሉመቤት። «ለቅሶው ላይ ነበርኩ እኮ! እናቱን ደግፌ ያስቀመጥኩ እኔ ነኝ! ረጅም የወታደር ካፖርት ለብሷል። አንገቱን በሻርፕ ጠምጥሟል። ‹ልጅ የያዘች ሴት አልፋለች?› አለኝ። ድምፁ የሰው ድምፅ አይደለም፤ ከጉድጓድ የሚወጣ ንፋስ ነው። ሻይ ቀዳሁለት። ከንፈሩን አስነክቶ መልሶ አስቀመጠው። አልዋጠም፣ ጣቢታ። ሙት አይበላም፣ አይጠጣም።»

«ከዚያስ?» አለ ዳኘ።

«ልጮህ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ስመለስ የለም። ጉሙ ዋጠው።»

ጣቢታ ከአግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ስለ ካፖርቱ አላሰበችም፤ ስለ ድምፁም አላሰበችም። ልጅ የያዘች ሴት ብሎ ጠይቋል። ዑመር ልጅ እንዳለው አያውቅም። በዚህ ዓለም የነገረው የለም።

እማማ ወርቅዬ ተጠግተው በጆሮዋ ተናገሩ። «ልጁን ሳያይ የሞተን አባት መሬት አይቀበለውም፣ ልጄ። ይዞራል። ከሩቅ ካያት መልካም፤ ተመልሶ ያርፋል። ካቀፋት ግን ይዟት ይሄዳል። እንዳትሰጪው። የፈለገውን ያህል ቢለምንሽ እንዳትሰጪው።»

«እኛ በዚህ አናምንም፣ እማማ» አለች ጣቢታ። ግን እጇ ነጠላውን በልጅቷ ፊት ላይ እየመለሰ ነበር። አባቷ ያስተማሯትን ጸሎት ጀመረች፤ መካከሉ ጠፋባት። ከፍርሃቷ ሥር ሌላ ነገር ይነሳባት ነበርና፤ አፈረችበት፤ ግን ደስታ ነበር። በሕይወትም ይሁን በሞት፣ ዑመር እየፈለጋት ነው።

ከአንጋጫ በኋላ ማንም አልተጫወተም። ከኋላ የተቀመጡት ትርፊትን ተቀባብለው ማጫወታቸውን ተዉ። መንገዱ ዳርና ዳር ያለው እንሰት ዝናቡን እያንጠባጠበ በጉሙ ውስጥ እንደ ቆሙ ሰዎች ይታያል፤ ትልልቅ ቅጠሎቹ ሲወዛወዙ የሚጠሩ ይመስላል። ጣቢታ እያንዳንዱን አየች። እሱን ፈራች፤ እሱ አለመሆኑን ስታይ ደግሞ ሆዷ ባባ።

ዱራሜም ወሬው ቀድሟቸው ደርሶ ነበር። ቅቤ የሚሸጡ ሴቶች፣ «ከዛፉ ሥር ቆሞ ሲጠይቅ ቆይቷል፤ የመለሰለት የለም» አሉ። ልጆች በድንጋይ አባረሩት፣ ድንጋዩ ሲመታው ድምፅ አላወጣም፣ በሾኔ መንገድ በእግሩ ሄደ አሉ። ይህን የሰማ ተሳፋሪ ሁሉ ዕቃውን አወረደ። እማማ ወርቅዬ ሲወርዱ የጣቢታን እጅ ያዙ። «እኔ ጋ እደሪ ልጄ።»

«እግዜር ይስጥልኝ እማማ። መድረስ አለብኝ።»

ዳኘ ሞተሩን አጠፋ። «እኔም እዚሁ ባድር ነው የሚሻለኝ» አለ።

«ጋሽ ዳኘ፣ እሱ ከሆነ ብቻውን በዝናብ ላይ ነው። ሁሉም ሸሽቶታል። እኔም ከሸሸሁት ማን ቀረው?»

ዳኘ መሪውን ሲያሻሽ ቆየ። «ይህን መሪ ያስጨበጠኝ እሱ ነው» አለና አስነሳ።

ሊመሽ ሲል ከአንድ ጠባብ ድልድይ ደረሱ። የመኪናው መብራት ጉሙን እንጂ መንገዱን አያሳይም። ከድልድዩ ወዲያ አንድ እንሰት የመሰላት ነገር ከተቀመጠበት ተነሳ። ረጅም ካፖርት ለብሷል። ወደ መንገዱ መካከል መጥቶ እጁን አነሳ።

«አልቆምም!» ጮኸ ዳኘ። ግን ድልድዩ ጠባብ ነው፤ ማለፊያ የለም፤ ፍሬኑን ረገጠ። ጣቢታ በሩን ከፈተች።

«ጣቢታ፣ ስለ ልጅቷ ብለሽ!»

ወረደች። ልጇን በሁለት እጇ አቅፋ መብራቱ ውስጥ ገባች። ሰውዬው ወደ እሷ ተራመደ።

«ጣቢ» አለ። እንደዚያ የሚጠራት አንድ ሰው ብቻ ነበር። ድምፁ ግን የዚያ ሰው አልነበረም።

«አትቅረብ!»

ቆመ። ዝናቡ ከፀጉሩ ይወርዳል። ጉንጮቹ ጎድጉደዋል፤ ቅንድቡ ያው ነው።

«ልትወስዳት ነው የመጣኸው?»

«ላያት ነው።»

«ልጅ እንዳለህ ማን ነገረህ? እኔ አልነገርኩህም። ስትሄድ እኔም አላውቅም ነበር።»

«አበራሽ ነገረችኝ» አለ። እያንዳንዱን ቃል እየጎተተ ነው የሚያወጣው። «ዛሬ ማለዳ ቤታችን ሄጄ አንኳኳሁ። በቀዳዳ አይታኝ አልከፈተችም። ‹ሚስትህ ልጅህን ይዛ እናትህ ጋ ሄዳለች፣ እዚህ የቀረህ ነገር የለም፣ ተመለስ!› እያለች ጮኸችብኝ። አባት መሆኔን የሰማሁት ከተዘጋ በር ውጭ ቆሜ ነው፣ ጣቢ። በጭነት መኪና ሸራ ሥር ገብቼ ተከተልኩሽ። አንጋጫ ስንቆም ጠየቅኩ፤ ሸሹኝ። ዱራሜ ወርጄ ጠየቅኩ፤ በድንጋይ አባረሩኝ። እዚህ ድልድይ ጋ ያልሸሸኝ አንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ ነው። ‹ዛሬ ወደ ሾኔ መኪና አላለፈም› አለኝ። ያን ጊዜ እንደቀደምኩሽ ገባኝ፤ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩሽ።»

ሻርፑን ፈታ። አንገቱ ላይ ከዚህ እስከዚያ የተኮማተረ ጠባሳ አለ።

«ጥይቱ ድምፄን ይዞት ሄደ። ሆስፒታል ተኝቼ ስሜን ሲጠይቁኝ መናገር አልቻልኩም። ሰው ስሙን መናገር ካልቻለ የሞቱት ዘንድ ነው የሚጻፈው።»

የሚለው ሁሉ ልክ ነበር። ግን ሙት ሁሉን ያውቃል ይባላል። ጣቢታ እግሯ ወደ እሱ ሊሄድ ይላል፣ ክንዷ ልጅቷን ወደ ኋላ ይስባል።

ዑመር ይህን አየ። «ስምሽ የማን ስም እንደሆነ የነገርሽኝ አንቺ ነሽ» አለ። «ሞታ የተነሳች ደግ ሴት ነበረች ብለሽኛል። እኔም አምኜሽ ነበር። ለእሷ ያመንሽውን ለእኔ ነፈግሽኝ?»

ጣቢታ እጇን ዘረጋች። ጣቱን ነካችው። እንደ ወንዝ ድንጋይ ቀዝቅዟል። ሳታስበው እጇን መልሳ ሰበሰበች።

ፊቱ ላይ የሆነውን ነገር ዕድሜዋን ሁሉ አትረሳውም። ድንጋዩን ሲወረውሩበት ድምፅ ያላወጣው ሰው፣ ያቺን እጅ ሲያይ ተሰበረ። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ።

«ይሁን» አለ። «አትስጪኝ። ከዚያው ሆነሽ አንድ ጊዜ ግለጫትና አሳዪኝ። እኔ እሄዳለሁ። ሌላ ሰው አግኝተሽም ከሆነ አልጠይቅሽም።»

ይኼኔ የጣቢታ ልብ ቁርጡን አወቀ። ሕያው ነው ሙት ነው የሚለው ጥያቄ ከውስጧ ወጥቶ ሄደ። ምንም ይሁን ምን፣ ይህን ሰው ተመለስ ማለት አትችልም።

ነጠላውን ከልጅቷ ፊት ገለጠች። እየተራመደች መጣች። የካፖርቱን ቁልፍ በአንድ እጇ ፈታች፤ ልጇን እንዳቀፈች ደረቱ ውስጥ ገባች፤ ካፖርቱን በላያቸው ጎትታ ዘጋች።

«ብቻዋን አትወስዳትም» አለች። «ከወሰድክ ሁለታችንንም ውሰደን።»

ለአፍታ ዝናቡና ሞተሩ ብቻ ይሰማ ነበር። ከዚያ በጨለማው ካፖርት ውስጥ፣ በእርጥቡ ሸሚዝ ሥር፣ ጉንጯ ላይ አንድ ነገር መታት። ደግሞ መታት። ልቡ ነበር። እንደ ተባረረ እንስሳ ልብ ይዘላል። ሸሚዙ ቀዝቃዛ ነው፤ ከሥሩ ያለው ደረት ግን ይሞቃል። ትርፊት ሻርፑን ይዛ ጎተተችው። ዑመር እያለቀሰ ነበር፤ ድምፅ የሌለው ልቅሶ፣ ትከሻው ብቻ የሚንቀጠቀጥበት። ጣቢታ ስለ እሱም ጭምር ጮኻ አለቀሰች።

ዳኘ የጎማ መፍቻ ብረት ጨብጦ ከመኪናው ወረደ። ከሩቅ ቆሞ፣ «ዑመር፣ ሰው ከሆንክ እንደ ዱሮው ስደበኝ!» አለ።

ዑመር ቀና አለ። «አሁንም ፍሬን የምትይዘው ዘግይተህ ነው፣ አህያ» አለው በዚያ በተሰበረ ድምፁ። ዳኘ ብረቱን ጥሎ ጭቃው ላይ ቁጭ አለ፤ ይሳቅ ያልቅስ አይታወቅም ነበር።

ሾኔ ሲደርሱ የመስጊዱ አዛን እያበቃ ነበር። እናቱ በድንጋጤ እንዳይወድቁ ጣቢታ ቀድማ ትግባ ተባለ። እንዲህ ሆነና፣ መርዶውን ያልነገሯት ሴት የምሥራቹን ልትነግራቸው የተከለከለችውን ደጅ አለፈች።

ወይዘሮ ዘይነባ ከሱቃቸው ጀርባ ባለችው ክፍል ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሐዘን ጎድቷቸው ከስተዋል። ጣቢታን ቢያውቋትም አልተነሱም። ጣቢታ ልጅቷን ከጭናቸው ላይ አስቀመጠች። አሮጊቷ በመብራቱ አስጠግተው አዩዋት። በአውራ ጣታቸው ቅንድቧን ከዳር እስከ ዳር ዳበሱት።

«ልጅዎ ልጅ ወልዷል፣ እናቴ» አለች ጣቢታ። «እሱም ደጅ ቆሟል። ሰው ሁሉ ስለሸሸው እርስዎም እንዳይሸሹት ፈርቶ ነው ያልገባው።»

ወይዘሮ ዘይነባ ቆስሎ ነው ወይ፣ ማን አመጣው፣ እንዴት ተረፈ ብለው አልጠየቁም።

«ሙትም ቢሆን ይግባ» አሉ።

ጣቢታ ድልድዩ ላይ በራሷ ልብ የሰማችው ቃል ነበር፤ አሁን ጠላቴ ከምትላት ሴት አፍ ወጣ። አጠገባቸው ተንበረከከች። አሮጊቷ እጃቸውን ከልጅቷ ራስ አንስተው በእሷ ራስ ላይ ጫኑት።

በማግስቱ ጎረቤት ሁሉ በአጥር ላይ ተንጠላጥሎ ሲያየው፣ አንዳንዱ ተጠግቶ ጥላውን ሲመረምር ዋለ። ወንጌላዊ ጴጥሮስ ወሬውን ሰምተው አልመጡም፤ ልጃቸውን ይቅር ለማለት ብዙ ቆይተዋል። ዑመርም ድምፁ ተመልሶለት አያውቅም።

ጣቢታ ግን ሰው የማያውቀው ሌላ ነገር ነበራት። ገና በመጀመሪያው ማለዳ፣ ብርሃን በመስኮቱ ሲገባ ነቅታ፣ ዑመር ዝም ብሎ ተኝቶ አየችው። ድምፅ የለውም፤ ሲተነፍስ አይሰማም። በእጇ ቀስ ብላ ደረቱን ነካች። መዳፏ ሥር ልቡ መታ። ቀና ስትል፣ ወይዘሮ ዘይነባ ትርፊትን አቅፈው ከበሩ ቆመዋል፤ እሳቸውም ትንፋሹን ሊያዳምጡ መጥተው ነበር። ተያዩ። ጣቢታ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። አሮጊቷ ዓይናቸውን ጨፍነው ግድግዳውን ተደገፉ፤ ሁለቱም ዑመር እንዳይነቃ ትንፋሻቸውን ዋጡ፤ ደስታቸው ፍርሃት ይመስል ነበር።